ምሬቱ ያልወጣ ግብጦ

«ምን በላች?»

ነርሷ ይህን ስትጠይቅ ዋጋዬን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ዓይኗ አልጋው ላይ በተኛችው በደጊቱ ክንድ ላይ ነበር፤ ደም ሥር ትፈልጋለች። 

ዋጋዬ እናቷ ደጊቱ የበላችውንማ ታውቃለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ የበላችው እሷ ራሷ አቡክታ የጋገረችውን ማፊን የሚባል ትንሽ ኬክ ነው። የግብጦ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄት፣ እንቁላል፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ትንሽ ቀረፋ። ስኳር የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ይህንኑ ልትናገር ስትል ነርሷ መለኪያውን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«እህቴ፣ ለወሬ ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ። ስኳሯ መለኪያው ከሚያነበው በላይ ወጥቷል። ጣፋጭ ነገር በልታለች። ምን በላች?»

«አላውቅም» አለች ዋጋዬ።

ሊያገባት የጠየቃት ትዕዛዙ መጋረጃው አጠገብ ቆሟል። ደጊቱን ከአልጋዋ አንሥቶ እስከ ባጃጁ የተሸከማት እሱ ነው፤ ሸሚዙ አሁንም ትከሻው ላይ እንደተጨማደደ ነው። ዋጋዬ ዞር ብላ ስታየው ዓይኑን ሰበረ። ከተዋወቁ ወዲህ ዓይኑን ሲሰብርባት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ጋቢዋን ከቤት ላምጣላት» አለና መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ዋጋዬንና ትዕዛዙን ያገናኛቸው ግብጦ ነው።

ዋጋዬ እንጅባራ ከተማ አንድ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ቤት ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። ደጊቱን ስኳር ካገኛት ወዲህ ደግሞ ቤቱ የጭቅጭቅ ቤት ሆነ። ደጊቱ በጉብዝናዋ ጊዜ ለሠርግና ለክርስትና ድፎ ደፊ ነበረች፤ ጣፋጭ የለመደ አፏ ለሐኪም ትእዛዝ አልገዛ አለ። ልጇ ለሥራ ስትወጣ ከሱቅ ብስኩት ታስመጣለች። ዋጋዬ መጠቅለያውን ከትራሱ ሥር ታገኘዋለች።

«እማዬ፣ ልትሞችብኝ ነው?»

«ሽሮና ጎመን እያየሁ መቶ ዓመት ከምኖር ብስኩት በልቼ ብሞት ምን አለበት? አንችስ ምን አስጨነቀሽ፣ ነገ ባል አግብተሽ ትሄጃለሽ!»

ሁልጊዜ መጨረሻው እዚያ ነበር። ትሄጃለሽ።

የስኳር ታማሚዎች ክትትል በሚያደርጉበት ቀን አንዲት የጤና ባለሙያ ግብጦና አጃ ስኳርን ቶሎ ከፍ እንደማያደርጉ ስትናገር ዋጋዬ ሰማች። ለእናቷ ጣዕም ያለው ነገር ልትጋግር ቆረጠች። የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ዳቦው ከወጣ በኋላ በምድጃው ቀሪ ሙቀት እንድትጠቀም ፈቀዱላት። ግብጦውን ቀቅላ፣ በባልዲ ዘፍዝፋ፣ አድርቃና አስፈጭታ በወረቀት ኩባያ ጋገረችው።

ደጊቱ አንድ ጊዜ ገመጠችና ፊቷ ተኮማተረ።

«ይሄማ መድኃኒትም አይደል፣ ቅጣት ነው። ምን በደልኩሽ ልጄ?»

ዋጋዬም ቀመሰችው። ምሬቱ ምላስ ይይዛል። ጎረቤቶች ሲሰሙ፣ ግብጦ ማወቅ ከፈለግሽ ዘንገና ሂጅና የአያ ወርቅአየሁን ቤት ጠይቂ አሏት። የራሷን ግብጦ በጆንያ ይዛ ሄደች። አያ ወርቅአየሁ ነጭ ማራቸው እስከ ዳንግላ ገበያ ስሙ የተጠራ ንብ አርቢ ናቸው። ግብጦውን የሚሠራው ግን ልጃቸው ነበር። ትዕዛዙን ያገኘችው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከወንዝ ውስጥ ጆንያ ሲጎትት ነው።

«በባልዲ ዘፈዘፍሽው?» ብሎ ሳቀ። «ግብጦ የሚሄድ ውሃ ነው የሚፈልገው። የቆመ ውሃማ የወጣውን ምሬት መልሶ ያጠጣዋል።»

«ይሄን ያህል የሚያስቅ ነገር የለውም። እናቴ ታማብኛለች።»

ሳቁን ዋጠ። የእሷን ጆንያ ተቀበለና ከራሱ ጆንያ ጎን በገመድ አሰረው፤ ገመዱን ከዛፍ ሥር ጋር ቋጠረው፤ እንዳይሄድም ድንጋይ ጫነበት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስትመለስ አንድ ፍሬ አውጥቶ በጥፍሩ ላጠና አላመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀምሰው።

«ገና ነው» አለ።

ሄዳ ሌላ ቀን መጣች። ደግሞ ላጠ፤ ደግሞ ዓይኑን ጨፈነ።

«ገና ነው።»

በዚያ ሁሉ መመላለስ መሀል ስለ እናቷ ነገረችው፤ እሱም እናቱ በሞተች ዓመት ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ ጋር እንደቀረ ነገራት። ስለ አባቱ ማርም ተናገረ፤ «የእኛ ነጭ ማር የማያድነው የለም» ሲል በኩራት ነበር። ዋጋዬ ሳቀች። ከወንዙ ማዶ አላፊዎች በአገውኛ ሰላምታ ሲወረውሩለት በአገውኛ ይመልሳል፤ አንዳንዴ እነሱ ሲስቁ ፊቱ ይቀላል።

«ምን አሉህ?»

«ግብጦው ደህና ነው ወይ አሉኝ።»

አንድ ቀን ቀድማው ደረሰችና ከጆንያው አንድ ፍሬ አውጥታ ራሷ ቀመሰችው። የምሬት ሽታ እንኳ የለውም፤ ለውዝ ለውዝ ይላል። ትዕዛዙ ሲመጣ እጇን በወገቧ አድርጋ ጠበቀችው።

«ይሄ ደርሷል።»

«ባለፈውም ደርሶ ነበር» አለ ገመዱን እየፈታ።

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ደርሷል ብልሽ ጆንያሽን ይዘሽ ትሄጃለሻ።»

  ዋጋዬ ጎንበስ ብላ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች፤ እሱ ሌላውን ያዘ፤ አብረው ሽቅብ ወጡ።

ከዚያ ግብጦ የተጋገረው ማፊን እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ተነሣ። ደጊቱ አንዱን እስከ መጨረሻው በላችና ወረቀቱ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቷ ለቃቅማ፣ «ሌላ አለ?» አለች። ዋጋዬ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ከፋሲካ በኋላ አያ ወርቅአየሁ ዋጋዬን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ነገሩ ያለ ክርክር ሄደ፤ የተሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

«የልጄ ሚስት ቤቷ ዘንገና ነው» አሉ አያ ወርቅአየሁ።

«እማዬንስ ማን ያያታል?» አለች ዋጋዬ ከጓዳ በር። በሽማግሌ ፊት መናገሯ ነውር መሆኑን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ደጊቱ እጇን በእጇ ይዛ፣ «እኔ ምን እሆናለሁ፤ ትሂድ እንጂ» አለች። ድምፅዋ ግን ቀጭን ነበር። ነገሩ በይደር ቀረ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲወጡ አያ ወርቅአየሁ ከደጅ ተመልሰው ገቡና ከደጊቱ ጋር ጥቂት ሹክ ሹክ ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ደጊቱ ውሃ ታበዛ ጀመር። ማሰሮው ከአልጋዋ አጠገብ አይለይም። ዋጋዬ የወሩ ሙቀት ነው አለች። ማፊኑን ሌሎች የስኳር ታማሚዎችም ይጠይቁ ስለነበር ከምድጃው መለየት አልቻለችም፤ ትኩሱን ለእናቷ የሚያደርስላት ለገበያ ሲመጣ ትዕዛዙ ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው ያን ጠዋት ደጊቱን ተዝለፍልፋ እያቃሰተች ያገኛትና ወደ ሐኪም ቤት ያመጣት።

በደም ሥሯ የሚንጠባጠበው ግሉኮስ ሳይሆን ሌላ መድኃኒት መሆኑን ነርሷ አስረድታ፣ የደጊቱ ትንፋሽ ሲረጋ፣ ዋጋዬ ልብስ ልትይዝ ወደ ቤት ሮጠች። ጋቢ ሊያመጣ የሄደው ሰው ቆይቷል።

በሩ ገርበብ ብሏል። ትዕዛዙ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ጋቢው ትከሻው ላይ ነው፤ በእጁ ግን ባዶ ጠርሙስ ይዟል። ጠርሙሱ ሥር ላይ የቀረው ነገር ወተት የመሰለ ነጭ ነው።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

ደንግጦ ተነሣ። «የአባቴ ጠርሙስ ነው።»

ዋጋዬ ተቀብላው አሸተተችው። ማር። ከአልጋው ሥር የወደቀ ቁራሽ ማፊንም አየች፤ ስታነሣው ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

«ማር ስትቀባላት ነው የከረምከው?»

«እኔ አልቀባሁም።»

«ማፊኑን የምታደርስላት አንተ ነህ። ማሩ የአባትህ ነው። ልትደብቀው ስትል ያዝኩህ። ማነው ታዲያ የቀባው?»

 ትዕዛዙ ወደ ባዶው አልጋ አየ። 

«የእኛ ማር የማያድነው የለም አላልከኝም? ማርም እኮ ስኳሯን ከፍ የሚያደርግ ነው! ለእሷ ስል በስንት መከራ ከምግቧ ያስወጣሁትን ጣፋጭ አንተ መልሰህ…»

«ዋጋዬ፣ በእናቴ አጥንት፣ እኔ አልጨመርኩም።»

«ገና ነው ስትለኝም አምኜህ ነበር።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠወለገ። ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ አጣጠፈና እጇ ላይ አኖረው።

«ውሰጅላት፤ ብርድ እንዳይመታት» ብሎ ወጣ። አልጠራችውም።

ደጊቱ ተሽሏት ወደ ቤት ተመለሰች። ዋጋዬ የትዕዛዙን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አነሣች።

«ማር እየቀባ ሲያበላሽ እንዴት ዝም አልሽ እማዬ?»

ደጊቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዋጋዬ ይህን እንደ ድካም ቆጠረችው።

የግብጦው ዱቄት አለቀ። ዋጋዬ ወደ ወንዙ አልወረደችም። እናቷ ጎመኗን ያለ ጭቅጭቅ በላች፤ ብስኩት አላስመጣችም፤ ትሄጃለሽ የሚለውንም አላለችም። ቤቱ ጸጥ አለ። ዋጋዬ ማታ ማታ ባዶውን የማፊን መጋገሪያ እያነሣች መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ ደጊቱ ከአልጋዋ ሆና ታያታለች።

የሰፈሩ ባለ ባጃጅ በዛብህ ወሬ አያድርበትም። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ፣ «ሰምተሻል?» አለ። «ትዕዛዙ ነገ ወደ አሶሳ ሊነሣ ነው። አጎቱ ወፍጮ ቤት ከፍተዋል፤ እዚያው ሊቀር ነው አሉ።»

«ይሂድ» አለች ዋጋዬ። በእጇ የነበረው መጋገሪያ ወለሉ ላይ ተንኳኳ።

በማግሥቱ ጠዋት ዋጋዬ ደጊቱን የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

«በዛብህን ጥሪልኝ። ዘንገና ልሄድ ነው።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ሽምግልና።»

«እማዬ! የሴት ልጅ እናት ብቻዋን ወንዱ ቤት ሽምግልና ስትሄድ የት አይተሻል?»

«የትም አላየሁም። እንግዲህ ዛሬ ይዩ።»

በዛብህ ሲሰማ ፈገግ አለ። «እማማ ደጊቱ፣ ሽማግሌ ካነሰ እኔም አለሁልዎ።»

«አንተ መሪህን ያዝ።»

ዋጋዬ እናቷን ብቻዋን ልትለቃት አልቻለችም፤ አብራ ገባች። ከተማው ከኋላቸው ቀርቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ የድንች ማሳው መታየት ሲጀምር ደጊቱ ወደ ፊት እያየች ተናገረች።

«ጠርሙሱ የኔ ነው።»

«የምን ጠርሙስ?»

«የማሩ። አያ ወርቅአየሁ ናቸው ያን ዕለት ተመልሰው በእጄ ያስያዙኝ። የስኳርን በሽታ ከሥሩ ይነቅለዋል አሉኝ። አምነውበት ነው ልጄ፣ ለክፋት አይደለም። የአማች እጅ እንዴት እመልሳለሁ? ደግሞም… አማረኝ። ልጁ ማፊኑን አድርሶልኝ ሲወጣ ከአልጋው ሥር አወጣና እቀባዋለሁ።»

ዋጋዬ የባጃጁን ብረት ጨበጠች። «እሱ ያውቅ ነበር?»

«ተሸክሞኝ ሲወጣ ነው የነገርኩት። ጠርሙሱን ደብቅልኝ፣ ልጄ እንዳታይብኝ ብዬ ለመንኩት። ደበቀልኝ።»

«ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላስ? ባረርኩት ጊዜ? እማዬ፣ አፍ አልነበረሽም?»

ደጊቱ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ጠቀለለችው፤ ፈታችው፤ ጠቀለለችው።

«መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ደግሞ ነገሩ ሲፈርስ አየሁና… ቀረችልኝ አልኩ።»

 በዛብህ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም፤ ያን ያህል ዝም ብሎ ነድቶ አያውቅም። ዋጋዬ እናቷን ማየት አልቻለችም። ልትጮህ ፈለገች፤ ባጃጁ ቁልቁል ሲንገጫገጭ ግን እጇ ሳታዝዘው ሄዶ እናቷን ደገፈ።

አያ ወርቅአየሁ ቀፎዎቻቸው መሀል ቆመው ነበር። እንግዶቹን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ቢሆንም የቤት ወግ ነውና ግቡ አሉ። ደጊቱ አልገባችም።

«ትዕዛዙ የት ነው?» አለች ዋጋዬ።

«ወንዝ ወርዷል። የቀረችውን ጆንያ አውጥቶ ሊሄድ ነው» አሉ በደረቁ።

ዋጋዬ ስትሮጥ ከኋላዋ የእናቷን ድምፅ ሰማች። «አያ ወርቅአየሁ፣ የሰጡኝን ማር እስከ ጠርሙሱ ሥር ጨረስኩት። ሊገድለኝም ነበር። ልጅዎ ግን የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ነው አገር ጥሎ የሚሄደው።»

«ማሬ?» አሉ አያ ወርቅአየሁ። 

ትዕዛዙ ጆንያውን አውጥቶ ድንጋይ ላይ እያንጠፈጠፈው ነው። የጉዞ ሻንጣው ከዛፉ ሥር ተቀምጧል። አያት፤ ሥራውን ግን አላቆመም።

«እማዬ ነገረችኝ» አለች እያለከለከች።

«እሺ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እናትሽ ለመኑኛ። የሚያቃስት ሰው ጀርባዬ ላይ ሆኖ ሲለምነኝ ምን ልበል? ደግሞ ማሩን የሰጡት አባቴ ናቸው።» ገመዱን ጠቀለለ። «ብነግርሽስ ታምኝኝ ነበር?»

ዋጋዬ አሰበችበት። «አላምንህም ነበር» አለች።

አንገቱን ነቀነቀ። ከላይ ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ሁለቱም ቀና አሉ። ያለፈ መኪና ነው። የሱ ሚኒባስ ግን መምጫው ተቃርቧል።  ዋጋዬ ይቅር በለኝ ልትል አሰበች፤ ቃሉ አነሰባት። ጎንበስ አለችና ከጆንያው አንድ ፍሬ አወጣች። በጥፍሯ ላጠችው። ዓይኗን ጨፍና አላመጠችው፤ ቀስ ብላ። ለውዝ ለውዝ ይላል። ምሬት የሚባል የለበትም።

«ገና ነው» አለች።

ትዕዛዙ ትክ ብሎ አያት። እሱም አንድ ፍሬ ላጠ።

«ደርሷል እኮ።»

«ገና ነው አልኩህ። መልሰህ ክተተው።»

«ዋጋዬ፣ ይሄማ ውሸት ነው።»

«ካንተ ነው የተማርኩት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ደርሷል ብልህ ትሄዳለሃ።»

 ሻንጣውን አየ፤ መንገዱን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ጆንያውን አንሥቶ ወደ ውሃው ገባና ገመዱን ከዛፉ ሥር ጋር መልሶ ቋጠረው። ዋጋዬ ድንጋዩን አቀበለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ አያ ወርቅአየሁ የልጄ ሚስት ቤቷ ዘንገና ነው የሚለውን አላነሡም። ሠርጉ የመስቀል ሰሞን ሆነ። ትዕዛዙ ጆንያዎቹን ከወንዙ እያመላለሰ፣ ዋጋዬ እየጋገረች፣ ኑሯቸውን እንጅባራ በዚያችው ቤት ሊያደርጉ ተስማሙ፤ ለእናቷም ጓዳውን ለይተው አሰናዱላት።

ደጊቱ ግን ጓዳውን አየችና ዕቃዋን ትሸክፍ ጀመር። ዳንግላ ያለችው ታናሽ እህቷ እህተማርያም ብቻዋን ናት አለች።

«እማዬ፣ እኔን ለመቅጣት ነው? ይቅር ብዬሻለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። ግን እኔ እዚህ ሳለሁ አንች ግማሽ ዓይንሽ የኔ ማሰሮ ላይ ነው የሚኖረው። ባልሽን በሙሉ ዓይንሽ እዪው።»

«ማን ይጠብቅሻል? ብስኩቱንስ?»

«እህተማርያም እንኳን ብስኩት፣ ለሻይዋም ስኳር አትገዛም። ስስቷን አታውቂም እንዴ?» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው እንባ ሆነ።

ዋጋዬ እስከ ሚኒባሱ ሸኘቻት። በቅርጫቱ ውስጥ ገና ትኩሳቱ ያልወጣለት የግብጦ ማፊን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ቅርጫቱ በሚኒባስ ይሄዳል፤ ከዳንግላ መናኸሪያ በጋሪ እስከ እህተማርያም ደጃፍ ይደርሳል፤ ባዶውን ይመለሳል። ደጊቱ ስኳሯን ተለክታ ውጤቱን በስልክ ትናገራለች። ዋጋዬ ሁልጊዜ የምትጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬ ምን በላሽ?» ደጊቱም አንድ በአንድ ትመልሳለች።

ትዕዛዙ ቀረ። የሄደችው ደጊቱ ናት።